«ለውዙን ለቅሜለታለሁ»

ሰለቸን። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ይዞ ሰው ቤት መሄድ ሰለቸን። ከበር ጀምረን «አደራ፣ ለውዝ እንዳትሰጡብን» እንላለን፤ «እሺ፣ ምን ችግር አለ» እንባላለን፤ ቡናው ሲደርስ ቆሎው ከች ይላል። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉና ለውዙ በአንድ ሳህን ተደባልቆ። አክስቱ በደግነት ለውዙን በጣቷ ለቃቅማ ታወጣና «ይኸው፣ ለቅሜለታለሁ» ብላ ገብሱን ታስጨብጠዋለች። ስንቀማው ክፉዎቹ እኛ ነን። ገብሱ ላይ የቀረው ብናኝ ብቻውን ከንፈሩን ሊያሳብጠው እንደሚችል ስንት ጊዜ እናስረዳ?

ከዚያ ምክር ይዘንባል። «እኛ ስናድግ ይሄ ሁሉ የት ነበር?» «ስላሞላቀቃችሁት ነው።» «ትንሽ ትንሽ ይቅመስ፣ ይለምደዋል።» የመጨረሻው ይብስብናል፤ ምክንያቱም እውነት የመሰለ ነገር አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የለንደን ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝ ከጀመሩ አለርጂው የሚይዛቸው በጣም ጥቂቶቹን እንደሆነ አሳይቷል። ያ ግን ሳይዝ በፊት ለመከላከል ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ ማለማመድ የሐኪም ሥራ ነው፤ በሚሊግራም እየተለካ እንጂ በእፍኝ አይሆንም።

ደግሞ ወተቱ! ልጁ ሽፍታ ሲወጣበትና ድምፁ ሲጎረንን ቤቱ ሁሉ «ወተት አጠጡት» ይላል። የበላው መርዝ አይደለም እኮ። ሰውነቱ የለውዙን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎችን እየረጨ ነው። የአለርጂ ኪኒን ማሳከኩን ያስታግስለታል፤ የሚዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያድነው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፣ ከዚያም ፈጥኖ ሆስፒታል። መርፌውን ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክልን እንለምናለን፤ ደርሶን ብዙ ሳይቆይ የአገልግሎት ቀኑ ያልፋል።

ጁስ ቤት እንኳ አላረፍንም። የለውዝ ሻይ የተመታበት መፍጫ በውኃ ለቅለቅ ይደረግና አቮካዶው ይገባበታል። አስተናጋጁን «ለውዝ ነክቶታል?» ብንለው ወደ ጓዳ ዞር ሳይል «ኧረ አልነካውም» ይለናል። ጠይቆ ቢመጣ ምን ይጎዳዋል?

ከሁሉም የሚያስፈራን ትምህርት ቤት ነው። ሕፃናት ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይጎራረሳሉ፤ አንዱ በለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይዟል። የጓደኛን ጉርሻ መመለስ ነውር እንደሆነ ያስተማርነው እኛው፣ አሁን «አትጉረስ» ስንለው ግራ ይገባዋል። ቅጹ ላይ «አለርጂ ካለበት ይጠቀስ» ስለሚል በትልቁ ጽፈን ፈርመናል። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ገብቷል፤ ምሳ የምታበላቸው ሞግዚት ግን ምንም አልሰማችም። መምህሯ በተቀየረች ቁጥር እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ምን ምን እንደማይበላ፣ ሲያመው ምን እንደሚደረግለት የሚገልጽ አንድ ወረቀት ምሳ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል?