የተቆጣች መኪና

በ495 አውራ ጎዳና ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስነዳ ከኋላዬ ሌክሰስ ጂኤስ ከመጣች ይቅርታ መጠየቅ ያምረኛል። ምንም አላጠፋሁም። ፊቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተለውጣ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ግሪል ስፖኪዮዬን ይሞላዋል፦ ከላይ ሰፍቶ፣ ወገቡ ላይ ቀጥኖ፣ ወደ ታች ተመልሶ የሚንቦረቀቅ። ፋብሪካው የእንዝርት ቅርጽ ነው ይላል። የአያቶቻችን እንዝርት ሰው ሲቆጣ አላየንም።

እንዝርት ከተነሳ አይቀር፣ የሌክሰስ ባለቤቶች ከመኪና በፊት ሥራቸው ሽመና ነበር። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ያወጣው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ሥራ ሳያቆም መወርወሪያ ይቀይራል፤ ክር ከተበጠሰ ደግሞ ራሱ ቀጥ ይላል። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የፓተንት መብቱን ገዛው፤ በ1933 ልጁ ኪይቺሮ እዚያው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ። እንግዲህ ማሽኑ ማቆሚያውን ያውቅ ነበር። ግሪሉ ግን አንዴ ከተከፈተ ወዲህ የቤቱን መኪኖች ሁሉ ተራ በተራ አዳርሷል።

ነገሩን የሚያብሰው፣ ሌክሰስ ጀርመኖቹን ያስደነገጠው በዝምታ መሆኑ ነው። በ1989 ኤልኤስ 400 ስትወጣ ማስታወቂያዋ ኮፈኗ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆ ቆልሎ ሞተሩን ማስጮህ ነበር። ብርጭቆው ንቅንቅ አላለም። መርሴዲስ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንዳጣ ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ይህችው ጂኤስ በፔብል ቢች የመኪና ትርኢት ስትገለጥ ደግሞ የኩባንያው የያኔ ፕሬዝዳንት አኪዮ ቶዮዳ «ሌክሰስ አሰልቺ ነው» ሲባል ሰሙ። ማን ነው አሰልቺ? ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ወገቡን ይዞ፣ በጸጥታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው ነው አሰልቺ? እሱ ከፍሎ ያሳደገውን ስም ይዘው የመኪና ጋዜጠኛ ሊያስደስቱ ሄዱ! ደግሞ ከቢኤምደብሊው 5 እንወዳደራለን ብለው የእሱ ካምቢዮ ባለ 8 ማርሽ ሆኖ ሳለ የእነሱን በ6 ተዉት። ስምንተኛው የደረሰው በ2014 ሞዴል፣ ያውም በሁሉም ላይ ሳይሆን ነው። ቁጣው ቀደመ፣ ማርሹ ዘገየ።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ኩርባ ላይ ጎበዝ ሆናለች፤ የነዷት ሁሉ መስክረዋል። ቢሆንም በ2020 ምርቷ ቆመ። በዚያው ዓመት ቢኤምደብሊው አዲሱን 4 ሲሪስ ይዞ ብቅ ሲል የእሱም ግሪል እስከ ታች ተተርትሯል። ማን ማንን እየተከተለ እንደሆነ እኔ እንጃ።

ሬዲዮ ለመቀየር የምትገፋውን ያቺን ማውስ መሰል ነገር ገና አላነሳኋትም፤ ለሌላ ቀን ትቆየኝ። ክሩስኮቱ መሀል ያለችው ባለዘንግ ሰዓት ግን ከአንድ የአሉሚኒየም ብሎክ ተፈልፍላ የወጣች ናትና ቆንጆ ናት። ሰዓቷን ብቻ የሚሸጥ ሰው ካለ ዋጋዋን ብጠይቅ አይከፋኝም።