የአሥራ ሦስት ወር መርፌ

ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ «የ13 ወር ፀጋ» ያሉት ለእንግዳ ጥሩ ነው። እንግዳ አንድ ወር ተመርቆለት ቢመጣ ምን ይጎዳል? ጉዳቱ «በየወሩ አንድ የእጅ ሥራ ሠርቼ ዓመቱን እዘልቃለሁ» ብላ የተሳለች ሚስት ላለችው ባል ነው። የፈረንጅ ባል በአሥራ ሁለት ይገላገላል። የእኔይቱ ጳጉሜንም ወር ናት ብላ አሥራ ሦስት አደረገችው። ያ አልበቃ ብሎ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ራሷ ስድስት ቀን ሆና አረፈችው።

ነገሩን ያመጣችው የልጅ ልጃችን ናት። ከስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ በየወሩ አንድ ነገር ሰፍታ ስታሳይ አየችና «እማማ፣ አንቺ እኮ ከእሷ ትበልጫለሽ!» አለቻት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ይኸኛው ለዓመት በቃን።

መስከረም ላይ ነገሩ ወግ ነበረው፣ አልዋሽም። ስንደዶ የሚለቀምበት ወር ነው፤ ሰፌድ ልትሰፋ ተነሣች። አክርማው በረንዳ ላይ ውሃ ተነከረ፤ አለላው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ተዘፈዘፈ፤ እኔ ፊቴን በጓሮ ቧንቧ ታጠብሁ። ወስፌው የት እንዳለ ያወቅሁት ሶፋው ላይ ስቀመጥ ነው። ሰፌድ የሚሰፋ ሰው እጁን መመጠን አለበት፤ ከልክ በላይ ከሳበው ዙሩ ይሰበሰብና ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል። እናቴ ስትሰፋ በየዙሩ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ እየተጫነች ታየው ነበር። የእኔይቱ ግን ወሩ ሊያልቅ ነው እያለች ስትስብ፣ ስትስብ፣ ምስር ሊለቀምበት የተጀመረው ሰፌድ ቆብ ሆኖ ወጣ። ምንድን ነው ብላት «የአበባ ማስቀመጫ» አለችኝ። ቤታችን አበባ ገብቶ አያውቅም።

በጥቅምት ሹራብ ሠራችልኝ። ቀኝ እጅጌው ጣቴን ይሸፍናል፣ ግራው ክርኔ ላይ ይቀራል። ታዲያ በዚያው ወር የካፖርቴ የላይኛው ቁልፍ ወለቀ። ቁልፉን በመዳፌ ይዤ ሄድኩ። «በዚህ ወር ሥራዬ ሹራብ ነው» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። እሺ፣ በሚቀጥለው ወር ይሁን ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰው ሁሉ ጉድፉን አውጥቶ ያቃጥላል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልማድ ነውና እኔም ቤቱን የሞላውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ጠቅጥቄ ወደ ጭሱ ስጎትት ከኋላዬ ጮኸች። ሰፈሩ እሳት የተነሣ መሰለው። ለካ ቁርጥራጩ የግንቦት ሥራዋ ኖሯል! የስድስት ወር ጥሬ ዕቃ ቀድሞ የሚያከማች ፋብሪካ እንኳ አላውቅም። ማዳበሪያው ተመልሶ አልጋዬ ሥር ገባ።

የታኅሣሡ ዳንቴል ነው የበለጠ ያንገበገበኝ። ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ሰፊ ነበር፤ ዳንቴሉ አናቱ ላይ ይነጠፋል፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል፣ ማንም አይቸገርም። የዛሬው ቴሌቪዥን ውፍረቱ ጣት አይሞላም። ዳንቴሉ በወጣ ቁጥር ይንሸራተታል፣ በወደቀ ቁጥር ታነሣዋለች። በመጨረሻ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አሰረችው፤ ከፊት በኩል አንድ ስንዝር ተንጠለጠለ። ከዚያ ወዲህ ዜና አንባቢ ሲቀርብ የማየው ከቅንድቡ በታች ያለውን ነው። ኳስ ጨዋታም ላይ ማን ይመራል ብባል ከልጅ ልጄ ጠይቄ ነው፤ ውጤቱ የሚጻፈው ከላይ ጥጉ ላይ፣ ልክ አበባው የተሠራበት ቦታ ነው።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? የጥር ወር ሥራዋ ቀሚስ ለጥምቀት ደረሰ፤ ግን ከተራ ዕለት ዝምዝሙ ስላላለቀ ጃንሜዳ የሄደችው በስፒል ተይዛ ነው። አጠገቧ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ታቦት ሲያልፍ እልል ያልኩት ከመንፈሳዊ ደስታ ብቻ አልነበረም።

የካቲት ሲገባ «ጋቢ እፈትልልሃለሁ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ራራ። ግን ጋቢ ምን እንደሚጠይቅ የረሳች ይመስለኛል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ፈትሉ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይወጣዋል። ድሩ ጠንከር፣ ማጉ ለስለስ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ አልፎ ነው ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዘንድ የሚኬደው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የሚበላው ፈትል ለጉድ ነው። እናቴ እህሉ ከገባ በኋላ እንዝርቷን ታነሣና ዝናብ እስኪጥል ስትፈትል ትከርም ነበር፤ ጎረቤቶቿ መጥተው አብረው ይፈትላሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ሰው ያማሉ። ማንም መጥቶ «የየካቲት ሥራሽ አለቀ?» ብሎ አይጠይቃትም። ሥራው ሲያልቅ ነው የሚያልቀው። አሁን ግን ሁሉ ነገር በወር ሆነ፤ ደመወዝ በወር፣ ኪራይ በወር፣ ጋቢም በወር!

ጾሙን እየፈተለች መጋቢትንም ጨመረችበት። ሸማኔው ልቃቂቱን በመዳፉ መዘን አደረገና በትሕትና «እማማ፣ ለአንገት ልብስ ይሆናል» አላት። የአንገት ልብስ ሆነ። በደብተሯ ላይ ግን የየካቲትም የመጋቢትም ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። ሒሳቡን ስጠይቅ «ክሩ የየካቲት፣ ሽመናው የመጋቢት» ተባልኩ። ቁልፌስ? «ቁልፍ ሥራ አይደለም» ተባልኩ።

ለፋሲካ የትራስ ልብስ ጠለፈች። ሁለት ወፎች አፍ ለአፍ ገጥመዋል፣ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጥሩ ነው፣ አይቻለሁ፣ ብዙ ቤት አለ። የእሷ ግን ፊደሉ በቋጠሮ ጥልፍ ስለተሠራ ጎርበጥ ይላል። ጆሮዬ «መ» ላይ፣ ጉንጬ «ቅ» ላይ አርፎ ሲገለባበጥ የነጋለት ሰው መልካም እንቅልፍ ከየት ያመጣል? ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ ልጅ ገንዘቡን ትቶ ጉንጬን ያያል። አንገቱን አዘነበለ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «አባባ፣ ተገልብጦ ነው የታተመው» አለኝ።

ግንቦት ላይ ያ ማዳበሪያ ከአልጋ ሥር ወጣ። ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ የወንበር መደገፊያና መቀመጫ ሆነ። ጨርቁ አልበቃ ሲላት ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ግራጫ ሱሪ ቆረጠችው። በእኛ ጊዜ ድሪቶ የሚለብሰው የቸገረው ነበር፤ አሁን ደህናውን ልብስ በመቀስ ቆራርጠው ድሪቶ ያደርጉትና እንግዳ ያስቀምጡበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሱሪዬ ኪስ ማን ሥር እንዳለ አውቃለሁ።

ክረምቱን ከሲንገሯ ጋር አሳለፍን። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ ሬዲዮው ዝም ይላል፤ የእግር መኪና ግን መብራት አይለምንም። በጨለማ፣ ሻማ ለኩሳ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ከታች ሲንገር። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ሽርጥ፣ ከረጢት፣ መጋረጃ ወጡ፤ ስለ እነሱ ክፉ የምናገረው የለኝም፣ መጋረጃው አንድ ክንድ ከማጠሩ በቀር። ጳጉሜን የመሀረብ ወር ሆነች። በአምስት ቀን ደህና መሀረብ ሠርታ ነበር። ሉቃስ በጨመረላት በስድስተኛው ቀን ዙሪያውን ዳንቴል ለጠፈችበት፤ አሁን አፍንጫ አይጠረግበትም።

ለአዲሱ ዓመት ያለ ቁልፍ ልገባ ነው ብዬ ካፖርቴን ይዤ መንገድ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ልጁ ክሩን በጥርሱ በጠስ አድርጎ ቡና ሳይፈላ ጨረሰው። «አባባ፣ ይኼ ብር አይከፈልበትም» አለኝ። አንዲት ጎረቤት አየችኝ፤ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። «እኔ መርፌ ይዤ ዓመት የጨረስኩ ሴት፣ ባሌ ቁልፍ በአደባባይ ያሰፋል?» አለች። ማልቀስ ብቻ ነበር የቀራት። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰፈር ሲጣላ አስታራቂው እኔ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ተከሳሽ ሆንኩ። ቁልፉ ከጥቅምት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር ብዬ አስረዳሁ። አንዱ ሽማግሌ ሱሪዬ ላይ ተደላድሎ እንደተቀመጠ «የሴት ልፋት በቁልፍ አይመነዘርም» አለኝ። ፍርዱ፦ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ዳግመኛ ልብስ ሰፊ ዘንድ አልሄድም፣ ለእንቁጣጣሽ ያንን ሹራብ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

ለብሼ ሄድኩ፤ በቀኝ እጄ ማማተብ አቅቶኝ እጅጌውን ሦስቴ ሰበሰብኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ከእርቁ ቡና በኋላ መቀመጫውን በእጃቸው እየዳሰሱ «ለእኛም አንድ አንድ» ብለው አዘው ነበር የወጡት። የ2016 ደብተሯ በትእዛዝ ተሞላ። ሰሞኑን የካፖርቴ ሁለተኛው ቁልፍ መላላት ጀመረ። ልብስ ሰፊ ዘንድ እንዳልሄድ በሽማግሌ ታስሬያለሁና ወረፋ ጠየቅሁ፤ ሚያዝያ ድረስ ተይዟል፣ ግንቦት ላይ ይታይልሃል ተብያለሁ።