የሰማይ ቦቴ

በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር የለመደ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ጭራ ሥር መሰለፉ አይቀርም። መነሣትና ማረፉን ችሏል፣ ሚሳይል መተኮሱም እጁ ገብቷል፤ የቀረው አየር ላይ ነዳጅ መቅዳት ብቻ ነው። ጉራውም የሚያበቃው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ፍጥነት ነው። «ለኤፍ-16 ወደ 300 ኖት ይበቃል» ይባላል። እሺ ብለን ዲሲኤስ በተባለው የበረራ ጨዋታ የተልዕኮ ማዘጋጃ ላይ ለሰማይ ቦቴያችን 300 ብለን እንጽፍና 20,000 ጫማ ላይ እንሰቅለዋለን። ተጠግተን የራሳችንን መለኪያ ስናይ ግን 220 ገደማ ይላል፤ አፍንጫችን ሽቅብ ተሰቅሎ አውሮፕላኑ ይንገዳገዳል። የዋሸን የለም። ማዘጋጃው የሚጠይቀው ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት ሲሆን ኮክፒት ውስጥ ያለው መለኪያ የሚያነበው አየሩ የሚገፋውን ያህል ነው፤ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ንፋስ ከሌለ መለኪያው 300 እንዲል ለቦቴው 400 ገደማ መስጠት ነው። ኤ-10 ግን ይህ ሁሉ ሩጫ አይስማማውም፤ ከፍታውን ቀንሰው በ200 እና በ220 ኖት መካከል ካላስተናገዱት ያኮርፋል።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ቁጥሩን መርሳት ነው። ሁለቱም በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፉ፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚጠጋው በ2 ወይም በ3 ኖት ነው፤ ሱቅ የተላከ ልጅ እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። ኬሲ-135 በተባለው ቦቴ ሆድ ላይ ሁለት ረድፍ መብራቶች አሉ፤ አንዱ ከፍ ዝቅ፣ ሌላው ቀረብ ራቅ በል ይላሉ። ጀማሪ ግን መብራቱን ትቶ ከቦቴው የተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ ጫፍ ላይ ያፈጣል፤ ቧንቧው በተወዛወዘ ቁጥር አብሮ ይወዛወዛል። በእውነተኛው ኬሲ-135 ቧንቧውን የሚያዘው ባለሙያ በደረቱ ተኝቶ ነው የሚሠራው። እኛ ወንበር ላይ ተደላድለን ላብ በላብ!

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ለምን ወርደህ አትቀዳም?» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዞች ከአሴንሽን ደሴት ተነሥተው ፎክላንድን ሊደበድቡ ሲሄዱ ከሥራቸው ውቅያኖስ ብቻ እንደነበር፣ አንድ ቫልካን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለማድረስ 11 የቪክተር ቦቴዎች እንደተነሡ፣ ቦቴዎቹም እርስ በርስ ይቀዳዱ እንደነበር አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ታዲያ አንተ የት ልትሄድ ነው?» አለች።

መልስ የለኝም። ቧንቧው ከገጠመ በኋላም ሌላ ጉድ አለ፤ ነዳጁ በገባ ቁጥር አውሮፕላኑ ይከብዳል፣ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ የተሰጠውን ነዳጅ ለመቀበል ነዳጅ ያቃጥላል። የከበደ ኤ-10 ጋዙ እስከ ጥግ ተገፍቶም ከቦቴው ጋር እኩል መሄድ ሊያቅተው ይችላል። አብራሪዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቦቴው ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል፣ ተቀባዩም ቁልቁለቱ አግዞት ፍጥነቱን እንደያዘ ይሞላል። አየር ኃይሉ ይህን ሁሉ ተመራምሮ የደረሰበት መፍትሔ፣ እንግዲህ፣ ወርዶ መቅዳት ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም።