ነፋስ ጆንያ ይሰፋል እንዴ?

ነጭ ተብሎ የተገዛ ጤፍ ቤት ገብቶ ሰርገኛ ሲሆን የነጋዴው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ ምን ላድርግ? ነፋስ ከጎረቤት ማሳ አዳቀለው!»

ነፋሱ ጆንያውንም ሰፍቶ አስረከበዎት ጋሼ?

«አንተ ልጅ፣ እህል አይዳቀልም ልትለኝ ነው?»

ይዳቀላል እንጂ! ግን ጤፍን ከበቆሎ ጋር አያምታቱብን። በቆሎ ወንዴውን አናቱ ላይ ሰቅሎ ብናኙን ለአገር ይበትናል። ጤፍ ጨዋ ነው፤ ወንዴውም ሴቴውም አንዲት አበባ ውስጥ ስላሉ ጉዳዩን እዚያው ይጨርሳል። ከሌላ ጤፍ የሚዳቀለው ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ቢሆን ነው።

«ያቺ 1 በመቶ ናታ!»

ግማሽ ኩንታል ያቀላችው? ጤፍ ማዳቀል እንዲህ ቢቀልማ ተመራማሪ ምን ያለፋዋል! ዶክተር ታረቀ በርሄ የአበባዋን መከፈቻ ሰዓት በ1974 እ.ኤ.አ. እስኪደርሱባት ድረስ በእጅ ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። ንጋት 1 ሰዓት ገደማ ለአጭር ጊዜ ትከፈታለች፤ ወንዴዎቿን ቀድሞ በማጉያ መነጽር ለቅሞ ማውጣት፣ ከዚያ የሌላውን ብናኝ ማኖር። ደብረ ዘይት ላይ ምርታማው ዱከም ከነጩ ማኛ ጋር ተዳቅሎ ቁንጮ የተባለው ዝርያ ለገበሬው የተለቀቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። እርስዎ ግን ያለ መነጽር፣ መጋዘን ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት!

«እና ቀዩ ከየት መጣ?»

ከአባቱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። የጤፍ ቀለም ያለው ልባሱ ላይ ነው፤ ልባሱ ደግሞ የእናቲቱ ነው። ነጯን ቀይ ቢያዳቅላት እንኳ ዘንድሮ የምትሰጠው ፍሬ ነጭ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ፍሬው ለከርሞ ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጆንያ ውስጥ ያየነው ቀይ፣ ቀይ ሆኖ የገባ ነው። ትናንት ቀይ የተወቃበት አውድማ ሳይጠረግ ቀርቶ ይሆናል፤ ካቻምና የረገፈው በቅሎ ይሆናል፤ ከጆንያ ስፌት ያልተራገፈ ይሆናል። አለዚያም (ይቅር ይበሉኝ ጋሼ) በእጅ።

«ሰደብከኝ!»

ነፋሱን ሲሰድቡ ማን ከለከለዎት?

ለዘር የምታስቀምጥ ገበሬ ሆይ፣ ነጩን ከቀዩ አስቀድመህ ውቃ፤ አውድማውን ጥረግ፤ ጆንያውን ገልብጠህ አራግፍ። እርስዎም ጋሼ፣ ሰርገኛውን በሰርገኛ ዋጋ ይስፈሩልን።