በግሸን መንገድ የተሰቀለ ትራንስፎርመር ያወጣው አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፤ ይህ ሁሉ ኃይል ግን አምባሰል ደርሶ መኪና ውስጥ የሚገባው 15,000 ቮልቱን ወደ 380 እና 220 ቮልት በሚያወርደው፣ ሪባን ተቆርጦለት በማያውቀው የብረት ሳጥን፣ ማለትም በትራንስፎርመር በኩል ስለሆነ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ይህ አዋጅ «የተራ ጥበቃ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ በዚህ አዋጅ ውስጥ «መብራት» ማለት የሚመጣና የሚሄድ ነገር ሲሆን፣ «የቤት ቻርጀር» ማለት 7 ኪሎ ዋት ያህል የሚስብ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ እንደማደር የሚቆጠር መሣሪያ ነው።

አንቀጽ 3፦ መቶ ሺህ መኪና በአንድ ቅጽበት በእንዲህ ዓይነቱ ቻርጀር ቢሰካ የሚፈልገው 700 ሜጋ ዋት ስለሆነ ግድቡ አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔሩ ትራንስፎርመር ነው፤ የመንደሩ ምጣድ፣ ወፍጮና አምፖል ሁሉ ጠፍቶለት እንኳ ከ28 መኪና በላይ ባንድ ጊዜ አይችልምና። ስለዚህ «ኃይል ሞልቷል» የሚል ሹም ሁሉ ንግግሩን ከመጨረሱ በፊት ቀና ብሎ ምሰሶውን እንዲያይ ታዟል።

አንቀጽ 4፦ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል በኤሌክትሪክ መኪና የሚመጣ ምእመን ደሴ ወይም ሐይቅ ላይ ሞልቶ ይምጣ፤ ባዶ ባትሪ ይዞ የደረሰ ግን፣ በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እስኪጠሩ በዚሁ በግሸን አምባ ይጠበቁ እንደነበረው፣ መኪናው ተራው እስኪደርስ በጥበቃ ሥር ይቆያል። ሰው ከተኛ በኋላ፣ ማለትም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምሮ፣ በዝግታ መሙላት ተፈቅዷል። ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ለባትሪው ጥቂት ኃይል የሚመልስ ስለሆነ፣ ለዚህ ትርፍ ግብር አይጠየቅም።

አንቀጽ 5፦ የበዓል እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከማንኛውም መኪና፣ የባለሥልጣንም ቢሆን፣ ይቀድማል።

አንቀጽ 6፦ ጎረቤት ውጫሌ ላይ ከተፈረመው ውል በአንዱ አንቀጽ የተነሣ አድዋ ድረስ መዝመት ግድ ስለነበረ፣ ይህ አዋጅ አንቀጽ 17 አይኖረውም።

አንቀጽ 7፦ ይህ አዋጅ መብራት ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።