ለዶቅዶቄ ጉልበት መሸመት

እናንተ እኩዮቼ፣ ጠዋት ከአልጋ ስትነሡ ጉልበታችሁ የሚለግምባችሁ ወገኖቼ፣ ጉድ ልንገራችሁ። ዘንድሮ ጉልበት በገንዘብ ይሸመታል። ለሰው ቢሆን ኖሮ በዚህች ከዘራዬ ተደግፌ ወረፋ እይዝ ነበር። የሚሸመተው ግን ለዶቅዶቄ ነው።

የልጅ ልጄ እዚሁ ደሴ ዕቃ የሚያመላልስባት አንዲት የህንድ ዶቅዶቄ አለችው። ምንም አልጎደላትም። ስትረገጥ ትነሣለች፣ ሲነዷት ትሄዳለች፣ ሲይዟት ትቆማለች። ከዚህ በላይ ከዶቅዶቄ ምን ይጠበቃል? እሱ ግን አንድ ማታ እራት ላይ "አባባ፣ አቅሟን ላሳድጋት ነው" አለኝ። አቅም ግንባታ የሚባለውን እኔ የማውቀው ግብርና መሥሪያ ቤት ሳለሁ ነው፤ አዳራሽ ይዘጋል፣ ሻይ በብስኩት ይቀርባል፣ ማታ አበል ተፈርሞ ይወሰዳል። የዚህኛው አበል ከፋይ ባለ ዶቅዶቄው ራሱ ነው።

ነገሩ ሲጀምር ትንሽ ነው። ፒስተኗ 56 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 58 እናስገባላት አሉት። ሁለት ሚሊ ሜትር እኮ እኔ ያለ መነጽር የማላየው ነገር ነው፤ ምን ያስከፍላል ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ፒስተን ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ፒስተኑ ሲወፍር ሲሊንደሩ ጠበበው፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይቦርቦር። ሲሊንደሩ ሲሰፋ የድሮው ፋሻ አይሞላውም፤ አዲስ ይገዛ። ቴስታታው አንዴ ከተከፈተ የድሮው ጓርኒሲዮን ተመልሶ አይታሰርም፤ እሱም ይገዛ። ሞተሩ ብዙ አየር ከሳበ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር አለበት፣ አለዚያ ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል፤ ካርቡሬተሩ ይቀየር። ጉልበቱ ከጨመረ የድሮው ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፤ ይቀየር። ፍሪሲዮኑ ከጠነከረ ካቴናው ይረዝማል፣ ጥርሶቹም ይበላሉ፤ ይቀየሩ። በመጨረሻ "ከድሮዋ ዶቅዶቄ የቀረው ምኑ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ታርጋው" አለኝ።

ዋጋውንማ አታንሡብኝ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከውጭ የመጣ ደግሞ የሚያወራው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር መቶን አልፎ ሄደ። መለዋወጫ ሻጩን ለምን ተወደደ ስትሉት ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ እግዜርን ይሁን ዶላሩን አይታወቅም። በደርግ ጊዜ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ 2 ብር ከ7 ሳንቲም! ንቅንቅ የለም። እርግጥ አንድም ዶላር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ዋጋው ግን ያኮራ ነበር። ቤንዚኑም በኩፖን፣ በሥነ ሥርዓት ነበር። ኩፖን የሌለው በእግሩ ይሄድ ነበር፤ እሱም ለጤና ጥሩ ነው።

የኔዋ ያማሃ እንዲህ ያለ ጣጣ አታውቅም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ነው የሰጠኝ። ኩታበር ብትሉ፣ ሐይቅ ብትሉ፣ ቦሩ ሜዳ ብትሉ ከኋላዬ ምርጥ ዘር ጭኜ ያልደረስኩበት ቀበሌ የለም። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብራ የምታነድ ዓይነት ነበረች፤ ስትሄድ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። ምን ዓይነት ጭስ! ጉንፋን የያዘው ሰው ይሻለው ነበር። የዛሬዎቹ ጭስ ግን ሳንባ ያቃጥላል። ደግሞም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዶቅዶቄዬ አምስት ሳንቲም አስወጥታኝ አታውቅም። ስትበላሽ ለንብረት ክፍል ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እነሱ ያሠሯታል፣ እኔ እስክትመጣ ቤቴ እቀመጣለሁ። ጠንካራ ዕቃ ማለት ይህ ነው።

ልጁን ላስተወው ብዬ ጎረቤታችንን መምህሩን አማከርኩ። ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ሁሉ በቁጥር ካልተነገራቸው እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በክብሪት ቀፎ ጀርባ ላይ ሲያሰሉ ቆዩና "ከ56 ወደ 58 ማለት የሲሊንደሩ ይዞታ በ7 በመቶ ግድም ጨመረ ማለት ነው" አሉኝ። ታዲያ በ7 በመቶ ይፈጥናላ? አይፈጥንም። በሰፊ መንገድ ላይ ዶቅዶቄ ትግል የምትገጥመው ከነፋስ ጋር ነው፤ ፍጥነት በ10 በመቶ እንዲጨምር ጉልበት በ33 በመቶ መጨመር አለበት። ስለዚህ ድሮ 90 ትሮጥ የነበረች ዶቅዶቄ፣ ሁሉ ነገር ከሰመረላት፣ 92 ትሮጣለች። ሁለት ኪሎ ሜትር! በዚያ ሁሉ ገንዘብ! አንዷ ኪሎ ሜትር በስንት እንደወጣች አስላልኝ ብዬ ብጠይቀው ልጁ ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።

መምህሩ አላበቁም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትሆናለች፤ እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ግድም ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ልቡ አየር ካልሳበ እንደ ልቡ ቤንዚን አያቃጥልም። ፋብሪካው ወረቀት ላይ ከጻፈው ጉልበት ሩቡን የጦሳ ተራራ ድሮውንም ወስዶታል። ልጁ ሩቡን ተነጥቆ 7 በመቶ ይገዛል። "ቢያንስ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ለዚህ ከፍታ እንዲመጥን ያስጠብበው፤ እሱ ርካሽ ነው" አሉ መምህሩ። ይህን ለልጁ ስነግረው "ርካሽ ነገር አይሠራም" አለኝ። በዚህ ዘመን ርካሽ ምክርም ገዢ የለውም።

በነገራችን ላይ ያ የአየር መሳሳት ነገር ድሮ አልነበረም። የኔ ያማሃ ከኮምቦልቻ ተነሥታ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ ስትወጣ አንድም ቀን አላለከለከችም። በእኛ ጊዜ አየሩም ወፍራም ነበር መሰለኝ።

ጋራዡ ድረስም ሄጃለሁ፤ ልቆጣ ነው የሄድኩት። መካኒኩ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነው። አዲሱን ፋሻ አነሣና ባዶው ሲሊንደር ውስጥ አስገባው፤ ፒስተኑን ገልብጦ በአናቱ ቀስ አድርጎ ገፋው፣ ጠማማ እንዳይቆም። ከዚያ ከወረቀት የሳሳች ብረት አውጥቶ የፋሻው ሁለት ጫፎች የሚገናኙባት ክፍተት ውስጥ ሰካት። አልገባችም። ፋሻውን አውጥቶ ጫፉን በሞረድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ አደረገው፣ እፍ አለበት፣ መልሶ አስገባው። "ለምን?" ብለው፣ "ሲግል ይረዝማል አባባ፤ ጫፎቹ ከተላተሙ ይሰበራል፣ ሲሊንደሩንም ይቧጥጠዋል" አለኝ። አምስት ጊዜ ነው መሰለኝ የለካው። ሳልቆጣ ብዙ ቆየሁ። ኋላ ግን ለምን እንደሄድኩ ትዝ ሲለኝ ሬዲዮኑን ቀንስ ብዬ ተቆጣሁት።

ደግሞ ማርሚታው! የዛሬ ልጅ ማርሚታ ሲቀይር ድምፅ የጨመረውን ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ሌሊት በሰፈር ሲያልፉ ሕፃን ይነቃል፣ ውሻ ያብዳል፣ እኔ መቁጠሪያዬ ይጠፋብኛል። ሰውን አለማክበር ነው። እኔ በጊዜዬ የያማሃዬን ማርሚታ በምስማር ጥቂት በሳ በሳ አድርጌላት ነበር፤ እሱ ግን ለሥራ ነው። ገበሬው ከማዶ ሆኖ መምጣቴን ሰምቶ እንዲሰበሰብ ነው።

የባሰ መጣ እንጂ። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ መኪና ወደ አገር አይግባ ከተባለ ወዲህ ሰፈሩ የኤሌክትሪክ ወሬ ብቻ ሆኗል። አንዱ የጎረቤት ልጅ የኤሌክትሪክ ዶቅዶቄ ገዛ። ድምፅ የላትም! እንደ ሌባ አጠገባችሁ ደርሳ ነው የምታዩአት። ዶቅዶቄ ካልጮኸ ሰው እንዴት ብሎ ይሸሻል? አንድ ቀን የኛው ልጅ በዚያች አቅሟ በተገነባች ዶቅዶቄው የኮምቦልቻን ዳገት ሲወጣ ያቺ ድምፅ አልባ ሹልክ ብላ ቀደመችው። መምህሩ ሲሰሙ ሳቁ። ኤሌክትሪክ ለመሄድ አየር አይስብም፤ የደሴ ከፍታ አይገደውም አሉ። ልጁ ለሁለት ቀን ከሰው አልተነጋገረም፤ እኔም ብሸሽገው እንጂ አልተሻልኩም። የፈለገችውን ያህል ትፍጠን፣ በቤንዚን የማትሄድ ዶቅዶቄ ቤንዚን ሲጠፋ ምን ልትሆን ነው?

አሁን የቀረው ፍሬኑ ነው። የድሮው ፍሬን የተሠራው ለድሮው ጉልበት ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ መካኒኩም ልክ ነው አለ። ከጡረታዬ ሰጠሁት። ብድር ነው ብዬዋለሁ፤ እንደማይከፍለኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐይቅ ለቅሶ ነበረብን፣ በእሷው ይዞኝ ሄደ። ጋቢዬን አጥብቄ፣ ጸሎቴን አድርሼ ከኋላው ተቀመጥኩ። ከከተማ ወጣን፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ልጁ ግን አርባ ላይ ነው። ጭድ የጫነ አይሱዙ ቀደመን። ባጃጅ ቀደመን። አንድ ሰውዬ በቅሎው ላይ ሆኖ ትክ ብሎ አየን። ትከሻውን ደበደብኩት፤ "ምን ሆነሃል? ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው ለዚህ ነው? ንካት እንጂ!"

"አይቻልም አባባ፣ ሮዳጅ ላይ ናት። ፒስተኑ እስኪለማመድ ቀስ ብዬ ነው የምነዳት።"

ሰማችሁ? ለፍጥነት ከፍሎ፣ ቀስ በል ተብሎ! የዘንድሮ ወጣት ደግሞ ፈሪ ነው፤ እኔ በዚህችው መንገድ ስበር እግረኛ ገደል ገብቶ ነበር የሚያሳልፈኝ።