የበግ ማመልከቻ

አምቦ ከተማ አንድ ምሳ ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የአዲስ አበባ እንግዳ አምቦ ውሃ አዘዘ። አስተናጋጇ ዘወር ስትል ጠራትና «ጋዝ የሌለው ካለ ይሻለኛል» አላት። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋዝ የሌለውማ ውሃ ነው» አለችው።

ሰውየው እጅ አልሰጠም። አምቦውን ብርጭቆ ላይ ቀዳና ሹካ ከትቶ እንደ እንቁላል ይመታው ጀመር። ፉጨቱ እስኪጠፋ፣ የመጨረሻዋ አረፋ እስክትሞት ድረስ መታው። ገንዘብ የከፈለበትን ነገር በትጋት ካስወጣ በኋላ የተረፈውን ጠጣ።

ይህን ሰው አውቀዋለሁ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ በየቀኑ አገኘዋለሁ፤ በእኛ ሰፈር ስሙ «ተጠቃሚ» ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጉደር ቢወርድ ደግሞ የጉደርን ወይን በኮካ በርዞ እየጠጣ «ጣፋጭ ቢያደርጉት ምን ነበረበት» ማለቱ አይቀርም።

ኮድ ኤዲተር ማለት ለፕሮግራም ጸሐፊ ደብተርም እርሳስም ማለት ነው፤ ሲሳሳቱ በቀይ የሚያሰምር፣ የረሱትን ቃል የሚያስታውስ ደብተር። ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ላፕቶፕ ከተከፈተ ብዙውን ጊዜ ውስጡ የሚገኘው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቪኤስ ኮድ ነው። በነጻ ይገኛል፣ ሲሠራም በአደባባይ ነው። ማንም ሰው የተበላሸውን «ተበላሽቷል»፣ የጎደለውን «ጨምሩልኝ» ብሎ ለሠሪዎቹ መጻፍ ይችላል። የጎደለው «ፊቸር» ይባላል። የተበላሸው «ባግ» ነው፤ የእኛ ልጆች ግን አፋቸው ላይ ስለሚቀናቸው «በግ» ይሉታል።

ግቢው እ.ኤ.አ. በ1947 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ሲጀመር በግ ሲባል በግ ነበር። አሁን ነገሩ ተደባልቋል። አንድ ተማሪ ያከራዩትን እናት ጠዋት ሰላም ሲል ዓይኑ ቀልቶ ያዩትና ምን እንደሆነ ይጠይቁታል። «ሌሊቱን ሙሉ አንድ በግ ሳሳድድ አደርኩ፣ እማማ» አላቸው። ደነገጡ። «ተገኘ ታዲያ፣ ልጄ?» «ሊነጋ ሲል አገኘሁት።» «ተመስገን» አሉና፣ ትንሽ አስበው «የማን በግ ነው ግን?» አሉት። የራሱ እንደነበር ለመናገር አፈረ። በግ ሁሉ ሲገኝ ባለቤቱ ራሱ አሳዳጁ ነው።

ሞኝነቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የቪኤስ ኮድ ሠሪዎች የምልክቱን ቀለም ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ቢቀይሩት ዓለም ተንጫጫ። ኮዱ እንዳለ ነው፣ የተለወጠው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ሥዕል ናት፤ ግን ጩኸቱ ስለበረታ ወደ ሰማያዊው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ታኅሣሥ ደግሞ ለፈረንጆች ገና ብለው ማስተካከያውን በሚከፍተው የጥርስ መንኮራኩር ምልክት ላይ የሳንታ ኮፍያ ደፉበት። አንድ ተጠቃሚ «ሃይማኖቴን ይነካል» አለ፤ ኮፍያው ወርዶ በረዶ ተተካ፤ ይኼኔ ደግሞ «ኮፍያችንን መልሱ» የሚለው ጎርፍ ስለመጣ ሠሪዎቹ የአቤቱታውን በር ለጊዜው ዘጉት። ከአምቦ እስከ ባኮ ማንም «ገናችን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ ኮፍያው ያለ ቀኑ መጣ» ብሎ ሲያመለክት አልሰማሁም። ቪም የሚባለው ጥንታዊ ኤዲተርማ ይብሳል። «ከዚህ ነገር እንዴት ነው የሚወጣው?» የሚለውን አንድ የኢንተርኔት ጥያቄ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ ሰዎች ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ከፍተው አንብበውታል። ገብቶ መውጫ ማጣት በየመሥሪያ ቤቱ ላደግነው ለእኛ ብርቅ አይደለም።

የፈረንጁ ሞኝነት አለመጠን መጻፍ ነው። የእኛው አለመጻፍ። እኛ ስሞታ አናጣም፤ የምናጣው አድራሻ ነው። ለሚጠግነው ሰው ሳይሆን ለቡና ጓደኛችን እንናገራለን። የምንናገረውም አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አይሠራም»።

አንድ ወዳጄ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለው። ከአዲስ አበባ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ግንጪን አልፌ በሄድኩ ቁጥር እዚያ እቀመጣለሁ፤ ስቀመጥም ሐኪም ሆኜ ነው። አንድ ተማሪ ይመጣል። «ኦቦሌሳ (ወንድሜ)፣ ኤዲተሩ አይሠራም።» ምን ሲያደርግ? «ምንም አያደርግም፣ አይሠራም።» መቼ ጀመረው? «ሁልጊዜ።» ምን ብሎ ጻፈልህ? «ቀይ ነገር።» ምን ይላል ቀዩ? «አላነበብኩትም፣ ዘጋሁት።» ሐኪም ቤት ሄዶ «አመመኝ» ብሎ አፉን የሚዘጋ በሽተኛ ይህን ያህል አያስቸግርም፤ እሱ ቢያንስ ሲነኩት ይጮኻል።

ግድ ብዬ ሳስከፍተው፣ ቀዩ ነገር ፓይተን የተባለው የኮድ ቋንቋ «፤» የሚለውን ምልክት አላውቀውም፣ የዩኒኮድ ቁጥሩ 1364 ነው ማለቱ ነው። ልጁ ማታ ለጓደኛው በአማርኛ ሲጽፍ ያበራውን ኪቦርድ ሳያጠፋ ኮድ ጀምሯል። ማሽኑ የጥፋቱን መስመር፣ ፊደሉንና መታወቂያ ቁጥሩን ሳይቀር ሰጥቶታል፤ ከዚህ በላይ የሚናገር ምስክር የአምቦ ፍርድ ቤትም አይቶ አያውቅም። ልጁ የደረሰበት ድምዳሜ ግን «ኤዲተሩ አማርኛ ይጠላል» የሚል ነበር።

ከጎኑ የተቀመጠው ሳቀበት፤ የእሱ ኤዲተር የሚጠላው አፋን ኦሮሞን ነዋ። የሠራው ፕሮግራም «የዛሬ ገበያ» ብሎ እንዲጀምር ፈልጎ «ሀርአ» የሚለውን ቃል ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በምንጽፍበት በቁቤ ይጽፋል። ቁቤ ላይ በ«ር» እና በ«አ» መካከል ሁዻ የምትባል አንዲት ጭረት ትገባለች። ኮዱ ደግሞ ጽሑፍን የሚከፍተውም የሚዘጋውም በዚያችው ጭረት ነው። ስለዚህ ኤዲተሩ «ሀር» ላይ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ ብሎ ያምናል፤ የቀረው «አ» ቀለሙ ተለውጦ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል። አየርላንዳዊው ኦብራየንም ስሙ ውስጥ ባለችው ጭረት ምክንያት በዓለም ላይ ስንት ቅጽ ሲሰብር ኖሯል። መድኃኒቱ በነጠላው ፈንታ ድርቡን ትእምርተ ጥቅስ መጠቀም ነው፣ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ሁለቱ ልጆች ግን በዚያች ሁለት ሰከንድ ፈንታ «ማንን ይበልጥ ይጠላል» በሚል ክርክር ሁለት ማኪያቶ ጨርሰው ነበር።

ተራ ስሞታውን እንለፈውና፣ እውነተኛ በግ አለን። ኮድ ኤዲተር የተሠራው ፊደል ሁሉ እኩል ቦታ ይይዛል በሚል እምነት ነው። የላቲኑ «ኤም» እና «አይ» እዚያ ውስጥ እኩል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የእኛ «ነ» እና «ጨ» ግን በዚያ ወንበር አልተለኩም፤ ኤዲተሩ ከሌላ ቅርጸ ፊደል ተበድሮ ያመጣቸዋል፣ ያም ሆኖ «ጨ» ጎረቤቱን ይገፋል። በአማርኛ የዕቃ ዝርዝር በሠንጠረዥ ብትጽፉ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ዓምዱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ደግሞ ፍለጋው አለ። «ፀሐይ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ጸሃይ» ብላችሁ ብትፈልጉ «የለም» ይላችኋል። ለእሱ ሁለቱ አይተዋወቁም፤ እኛ ግን በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት «ሀ» እየጻፍን አንዱንም አስበንበት አናውቅም። ይሄኛው በግ የማን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ እማማ እንዳሉት፣ ባለቤቱን መፈለግ ሳያስፈልግ አይቀርም። በግዕዝ ቁጥር ልሥራ ብሎ «፩» ቁጥር ናት ብሎ የሞገተ ጀግናም ገጥሞኛል፤ ፓይተን ወደ ቁጥር ልለውጣት ሲለው እንቢ አለው።

የቪኤስ ኮድ ሠሪዎች ደንብ አላቸው። አዲስ ነገር ይጨመር የሚል ጥያቄ በ60 ቀን ውስጥ 20 ደጋፊ ካላገኘ ይዘጋል። «20 ሰው? እሱማ ከአንድ ባጃጅ ተራ ይገኛል» አለኝ የሠንጠረዡ ነገር ያንገበገበው ሌላ ተማሪ። ቀኑን ሙሉ ላገኘው ሁሉ ነገረ፤ ሁሉም «ልክ ነህ» አለው፣ አንዱ ክብደት እንዲኖረው ምራቁን ዋጥ አድርጎ ጭምር። የድጋፍ ምልክቷን ለመጫን ግን መጀመሪያ ጥያቄው መጻፍ ነበረበት። አልተጻፈም።

እንዲጽፍ ስወተውተው በማግስቱ ይዞ መጣ። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ አጎቱ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም፣ ወረቀቱ ግን ይመሰክራል፦ «ለኤዲተር አምራች ድርጅት። ጉዳዩ፦ የፊደል አሰላለፍ እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል። እኔ አመልካች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ወላጆቼ በግብርና የሚተዳደሩ...» እያለ ይወርዳል። ላፕቶፑን ማን እንደገዛለት አለ። የስንት ልጆች ታላቅ እንደሆነ አለ። የድርጅቱ «የተለመደ ትብብር» እንዳይለየው ተለምኗል። ከግርጌ፣ ከፊርማው ከፍ ብላ፣ ጉዳዩ ራሱ በአንድ መስመር ተቀምጧል፦ «በመሆኑም በአማርኛ በአግባቡ አይሠራም»።

ማመልከቻው «አይሠራም» ስላለ የበጉን ቅጽ ከፍቼ አሳየሁት። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ የኤዲተሩ እትም ቁጥር ስንት ነው፣ ኮምፒውተሩ በምን ይሠራል፣ ተጨማሪ ቅጥያዎች ሲጠፉም ችግሩ አለ ወይ፣ እና ሌላ ሰው ችግሩን በዓይኑ እንዲያየው ምን ምን ያድርግ፤ በተራ ቁጥር። ወላጅ አይጠይቅም። ልጁ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ፤ በተራ ቁጥር መጻፍ ይወዳል። በአንድ ትንፋሽ ጻፈና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው፦

«1. ኤዲተሩን ክፈት። 2. የዕቃ ዝርዝር በአማርኛ በሠንጠረዥ ጻፍ። 3. መብራት ከጠፋ ጠብቅ። 4. ሲመጣ ከ1 ጀምር። 5. ዓምዱን እይ።»

ሦስተኛውንና አራተኛውን አውጣቸው አልኩት፤ ሰዎቹ ያሉት ባሕር ማዶ ነው።

«እንዴ ኦቦሌሳ» አለኝ፣ «እነሱን ካላደረጉማ እኔ ያየሁትን አያዩትም።»